የምድር ትኩሳት

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የወንድሜ ልጅ ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚያወጣው መንገድ በመኪናው ይዞኝ ሲሄድ፣ አንድ ጠመዝማዛ ቁልቁለት እንዳለፍን በተከፈተው መስኮት አንድ ሽታ ገባ። የዛገ ብረት፣ የተጫረ ክብሪትና የገማ እንቁላል የተቀላቀሉበት፣ በእርጥብ አፈር የተጠቀለለ ሽታ ነበር። ልጁ አፍንጫውን ያዘ።

«አክስቴ፣ መስኮቱን ዝጊው እስቲ፤ እዚህ አካባቢ የሞተ ነገር አለ» አለኝ።

«የሞተ ነገር የለም፤ የሚቀዘቅዝ ነገር ነው ያለው» አልኩት።

ዘወር ብሎ አየኝ። አሮጊት ስትዘባርቅ ወጣቶች የሚያሳዩት ትዕግሥት በፊቱ ላይ ነበር። መኪናውን እንዲያቆምልኝ ጠየቅሁትና ወርጄ በመንገዱ ዳር ቆምኩ። ከታች ካለው ሸለቆ፣ ከጽድና ከኮሶ ዛፎች መካከል፣ ነጭ እንፋሎት ቀስ እያለ ይነሣል፤ ቀጭን ዝናብ በላዩ ላይ ይወርዳል። የወንድሜ ልጅ በመኪናው ውስጥ ስልኩን ሲነካካ፣ እኔ በጡረታ ደብተሬ ላይ የተመዘገበውን ዕድሜ ሁሉ ጥዬ ወደ ዐሥር ዓመቴ ወረድኩ።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። አዳዳ ጫልቱ የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች፤ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበታ በሚቀርቡበት በእኛ ቤት የአባት እህት «አዳዳ» ተብላ ትጠራ ነበር። አምቦ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ በሚገኝ በረንዳ ላይ፣ የስፌት መኪናዋን ተክላ ልብስ ትሰፋ ነበር። በዚያን ጊዜ በየበረንዳው መኪና የሚረግጡት ወንዶች ስለነበሩ መንገደኛው ቆም ብሎ ያያታል፤ እርሷ ግን ከመርፌዋ ላይ ቀና አትልም። አንድን ጨርቅ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሸት አድርጋ፣ «ይህ ሲታጠብ ይገባል፤ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥ» ካለች ነገሩ ያለቀ ነው። ካኪ የለበሰ የከተማው ተማሪ ሁሉ በእርሷ እጅ ያለፈ ይመስለኝ ነበር፤ እውነትም ብዙው አልፏል።

በዚያ ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ቁርጥማት ጣቶቿን ያዛቸው። በመጀመሪያ መቀስ መያዝ አቃታት፤ ቀጥሎ መርፌ፤ በመጨረሻ ጣቶቿ እንደ ደረቀ የበቆሎ ቅጠል ወደ መዳፏ ተጠቅልለው ቀሩ። ለልብስ ሰፊ ክረምት መኸሩ ነው፤ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሚለበሰው ዩኒፎርም ሁሉ የሚሰፋው በነሐሴ ነው። ነሐሴ ሲገባ እጆቿ ካልተፈቱ መኪናውን ከመሸጥ ሌላ መንገድ አልነበራትም። በጎረቤት በረንዳ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ይህን ስለሚያውቅ፣ ሊጠይቃት እየመጣ ከእርሷ ይልቅ መኪናውን ትኩር ብሎ ያይ ጀመር።

«ይህ ሰው እግዜር ይማርሽ የሚለው መኪናዬን ነው» ትል ነበር አዳዳ።

ስለዚህ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ በወንጪ ተራራ ወዳለው ፍል ውሃ እንድትወሰድ፣ እኔም እጅ ሆኜላት አብሬያት እንድከርም ተወሰነ። እጅ መሆን ማለት ቁልፏን መቆለፍ፣ ነጠላዋን ማልበስ፣ በሶዋን በጥብጦ ወደ ከንፈሯ ማድረስ ነበር። ኩራቴ ወሰን አልነበረውም። እንዲህ ያለ ኃላፊነት በኋላ ዘመኔም በቀላሉ አልተሰጠኝም።

እስከ ተራራው ግርጌ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ሄድን። ወደ ሸለቆው ስንወርድ በመጀመሪያ ያየሁት በቀይ ጭቃ መካከል ያለ ኩሬ ነበር። ውሃው እንደ ተጣደ ድስት ይንተከተካል፤ አረፋው እየፈነዳ ያፏጫል።

«አዳዳ! እዚህ ውስጥ ነው የምትገቢው? ይቀቅልሻል እኮ!»

ከኩሬው አጠገብ ጥላ ይዛ የቆመች ወፍራም ሴት በሣቅ ፈነዳች። ከእኛ አንድ ቀን ቀድማ ከባኮ የመጣች የበቆሎ ነጋዴ ናት፤ ብርቄ ትባላለች።

«ነይ እስቲ፣ የኔ ጀግና» አለችኝ፤ «ጣትሽን ንከሪ። ከተቀቀለ እኔ እበላዋለሁ።»

ዓይኔን ጨፍኜ ነከርኩ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። በእፍኜ ጨልፌ ብቀምሰው ምላሴን ነደፈኝ። ሆራ ይሉታል፤ ከብቶች ጨዋማነቱን ወድደው ከሩቅ ይነዱበታል። ከእርሱ ጥቂት እልፍ ብሎ በድንጋይ የተከበበ ሌላ ገንዳ ነበር፤ ዝም ያለ፣ አረፋ የሌለው፣ ላዩ ላይ ስስ ጉም የተኛበት። ያኛው ጣቴን ለበለበኝ። የሚፈላው ቀዝቃዛ፣ ዝም ያለው ትኩስ ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዓለም እንደምትታየው ናት ብዬ አምን ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድን ነገር ሳልነካው አላምንም።

የውሃው ጠባቂ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። አባታቸውም አያታቸውም ይህንኑ ውሃ ጠብቀዋል። እንግዳ ሲመጣ ከየት ነህ አይሉም፤ ዱላ ያስተክሉታል። ሰው ሁሉ የራሱን ምልክት ያሰረበትን ዱላ ከገንዳው በላይ ባለው ሣር ላይ በመጣበት ቅደም ተከተል ይተክላል፤ በዱላው ተራም ይገባል። በአዳዳ ዱላ ላይ ቁራጭ ካኪ አሰርኩላት። ጠዋት የሴቶች፣ ከሰዓት በኋላ የወንዶች ነበር።

ሌሎች ሁለት ደንቦችም ነበሩ። ማንም የሌላውን ሕመም አይጠይቅም። ማንም ደግሞ በውሃው ፊት ውሃውን አያማም። ከገንዳው የሚወጣውን ሰው ኦቦ ቱሉ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ከዛፍ ሥር ሆነው በመጀመሪያ በኦሮምኛ ደህንነቱን፣ ቀጥሎ ስለ ውሃው ይጠይቁታል፤

«አካም ጅርታ? ውሃው እንዴት ነው?»

መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ተመስገን፣ ደህና ነው።»

«ውሃ ይሰማል» ይሉ ነበር ኦቦ ቱሉ፤ «ያሙት እንደሆነ ተነሥቶ ይሄዳል።» እርሳቸው ራሳቸው እንግዳ እያለ ወደ ገንዳው አይገቡም፤ ባለቤት ከእንግዳው ቀድሞ እንደማይጎርሰው ማለት ነው። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ስለ ውሃው የሚያውቁት ሰው የነገራቸውን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መልካም ነበሩ። አዳዳ እስከ አንገቷ ገብታ፣ እጆቿን ከውሃው በታች ዘርግታ ትቀመጣለች። እኔ በገንዳው ጠርዝ ላይ ሆኜ ፊቷን እጠብቃለሁ። ከድንጋዩ መካከል ውሃው የሚወጣበት፣ የምንጩ ዓይን የሚባለው ቀዳዳ፣ ዙሪያው ቢጫና ብርቱካናማ ቅርፊት ለብሷል፤ ሽታውም ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ ያድራል። አንድ ጠዋት አዳዳ ስትወጣ አውራ ጣቷ ብቻውን ከመዳፏ ላይ ተነሣ፤ ቅርፊቱን ሰብሮ አንገቱን እንዳወጣ ጫጩት። ሁለታችንም አየነው። እንዳናስደነግጠው ይመስል ምንም አልተነጋገርንም።

መሐንዲሱ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። ሰሎሞን ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላከ ወጣት ነበር። ከሾፌሩ ጋር አንድ ሌሊት አድሮ ሊመለስ መጥቶ፣ ላንድሮቨሩ ከሸለቆው አፋፍ ላይ እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ሰመጠና እርሱም እንደኛ የውሃው እንግዳ ሆነ። ኦቦ ቱሉ ዱላ አስተከሉት።

ሰሎሞን በገመድ ያሰረውን የብርጭቆ ዘንግ ወደ ምንጩ ዓይን ይሰዳል፤ ጥቂት ይጠብቅና ያወጣዋል፤ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያነበዋል። ይህን ዕቃ ዐውቀዋለሁ! አምቦ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰሩ በብብቴ ሥር ያስገባው ነበር። ቴርሞሜትር ነው። ቴርሞሜትር የሚደረገው ለታመመ ነው። ስለዚህ ምድር ታማለች፤ ትኩሳት ይዟታል፤ መንግሥትም ሐኪም ልኮላታል። ፍል ውሃው ላቧ ነው፤ ሆራው የሚንተከተከው ሆዷን ነፍቷት ነው። ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ለማንም ግን አልተናገርኩም፤ የሌላውን ሕመም ማንሣት ክልክል ነዋ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ቱሉ ከትልቁ ዝግባ ሥር ተቀምጠው መሐንዲሱን ጠሩት። ሌሎቻችንም ከበብን።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣኸው ውሃ ለመለካት ነው? እኛ አገር ውሃ የሚለካው በእንስራ ነው።»

ሰሎሞን ሣቀ። «ውሃውን አይደለም አባቴ፤ ከሥሩ ያለውን ነው የምፈልገው። ይህ ተራራ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ነበር። ያን ጊዜ ከጥልቅ የተነሣው ቅልጥ አለት ሁሉም ፈንድቶ አልወጣም፤ የበዛው እታች ቀርቷል። ማግማ ይባላል። እንግዲህ ያ ማግማ እየቀዘቀዘ ነው። እየቀዘቀዘ በመሆኑም...»

ሰማዩ ተቀደደ። እንዲያ ያለ ዝናብ ከዚያ በፊት አላየሁም። ሰሎሞን ጠርሙሶቹንና ዕቃዎቹን ሊሸፍን ሮጠ፤ ዓረፍተ ነገሩም በመካከል ተቆርጦ ቀረ። እኛ በብርቄ ጥላ ሥር ለሦስት ተጨናነቅን።

«ሰማሽ ጫልቱ?» አለች ብርቄ፤ «እየቀዘቀዘ ነው አለ! በመንግሥት አፍ!»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ እኮ ገና መምጣቴ ነው! ባኮ ተመልሼ ምን ልበል? እሳቱ ሲጠፋ ደረስኩ ልበል?»

አዳዳ አውራ ጣቷን ታያለች።

ወሬው ዝናቡ ሳያባራ ሸለቆውን አዳረሰ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው በሚያስታውሰው ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የዱላዎቹ ተራ ተዛብቶ ተገኘ። የብርቄ ዱላ ከኋላ ተነሥቶ ከፊት ቆሟል።

«አደ ብርቄ» አሉ ኦቦ ቱሉ፣ ወይዘሮ ማለታቸው ነው፣ «ዱላሽ መንገድ ወጥቶ ያደረ ይመስላል።»

«እርጥብ እንጨት እኮ ነው ኦቦ ቱሉ፤ ሥር ሰዶ ይሆናል።»

ሰው ሁሉ ሣቀ፤ ሽማግሌው ግን ዱላውን ነቅለው ወደ ቦታው መለሱት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ዱላውን በዓይኑ ይጠብቅ ጀመር። ተራ የደረሳቸው ከውሃው አልወጣ አሉ፤ ቀድሞ ያልነበረ ጉርምርምታ ተሰማ።

ዝናቡ ቀንና ሌሊት ወረደ። ውሃውም በእውነት ቀዘቀዘ። ጉሙ ከገንዳው ላይ ጠፋ። ሰዎች ሲወጡ ቆዳቸው እንደ ተነጨ ዶሮ ሆኖ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ ኦቦ ቱሉ ግን እንደ ወትሮው ጀርባቸውን ሰጥተው ሲጠይቁ፣

«ተ... ተ... ተመስገን፣ ደ... ደህና ነው!» ይላሉ።

እኔ ምክንያቱን ዐውቅ ነበር። ትኩሳቷ በርዶ ምድር እየዳነች ነው። ምድር ስትድን አዳዳ ሳትድን መቅረቷ ነው። ይህ ለዐሥር ዓመት ልጅ ከባድ ጉዳይ ነበር። ምድር እንዳትድን መጸለይ ነውር መሰለኝ፤ አዳዳን መተውም አልቻልኩም። በመጨረሻ መካከለኛ መንገድ አገኘሁና እንዲህ ብዬ ጸለይኩ፦ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ምድርን ማራት፤ ግን ቀስ ብለህ ማራት።»

የአዳዳ አውራ ጣት ወደ መዳፏ መመለስ ጀመረ። ሐምሌ እየተገባደደ ነበር። አንድ ጠዋት ከውሃው ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ነጠላዋን አለበስኳት። ከዛፉ ሥር የኦቦ ቱሉ ድምፅ መጣ።

«አካም ጅርታ ጫልቱ? ውሃው እንዴት ነው?»

ወደ ውሃው ዞር ብላ አየች። ተሰልፈው የቆሙት ሴቶች ዘወር አሉ። ኦቦ ቱሉም ጥያቄውን ደገሙት።

«ቀዝቅዟል» አለች አዳዳ።

ብርቄ ጥላዋን ጣለች። «ኧረ አፍሽን! ውሃው ፊት?»

ኦቦ ቱሉ ቀስ ብለው ዞሩ። «ምን አልሽ?»

«ኦቦ ቱሉ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች አዳዳ። «አጥሮ የተቆረጠ ጨርቅ ረጅም ነው ቢሉት አይረዝምም። ውሃው ቀዝቅዟል። ይህን በማለቴ የሚቆጣ ከሆነ በእኔ ይቆጣ፤ ጣቶቼ እንደሆኑ ድሮም ታጥፈዋል።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ገንዳው ወረዱ። ሱሪያቸውን ሰብስበው አንድ እግራቸውን ውሃው ውስጥ አደረጉ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

«ስንት ቀን ሙሉ ደህና ነው፣ ደህና ነው ስትሉኝ የሰነበታችሁት ይህን ነው?»

«ታዲያ ምን እንበል?» አለች ብርቄ፤ «ደንቡ የእርስዎ አይደለም?»

ሰሎሞን ጫጫታውን ሰምቶ፣ በመጀመሪያ ሴቶቹ መልበሳቸውን ከሩቅ ጠይቆ መጣ። ቴርሞሜትሩን ከገንዳው መካከል ነከረው፤ ቀጥሎ በገመዱ ወደ ምንጩ ዓይን ሰደደው። እኔ ወደ ገንዳው ጠርዝ ተጠጋሁ። ሐኪሙ የመጨረሻውን ቃል ሊናገር ነው።

«ዓይኑ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው፤ ምንም አልቀነሰም» አለ። «የቀዘቀዘው ገንዳው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ከሌላ ቦታ እየገባበት ነው።»

ኦቦ ቱሉ ወደ ሽቅቡ ተመለከቱ። ከገንዳው በላይ፣ የዝናብ ጎርፍ ወደ ጎን እንዲያልፍ አባቶቻቸው የቆፈሩት ቦይ ነበር። ሰዎች ተከታትለው ወደ ቦዩ ወጡ። ወደ ሆራው የሚነዱ ከብቶች ቦዩን ረግጠው ንደውት፣ ጎርፉ በሣሩ ሥር ተሹለክልኮ ቀጥታ ወደ ገንዳው ይገባ ኖሯል። አንድ ሰው በጊዜው «ቀዘቀዘ» ቢል ኖሮ በዚያው ቀን ይደፈን ነበር። ያን ጠዋት አካፋ የያዘ በአካፋ፣ ያልያዘ በእጁ ሠራ፤ ሾፌሩ ድንጋይ አነባበረ፤ ብርቄ ሣሩን ከነአፈሩ እየገነጠለች በጥላዋ ላይ አድርጋ አመላለሰች። አዳዳ በተጨበጡት እጆቿ ጭቃውን ትደበድበው ነበር። ቦዩ ሲጠገን ኦቦ ቱሉ ወደ አዳዳ ቀረብ ብለው፣ «ገለቶማ፣ ጫልቱ» አሉ፤ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነበር። ሌላ አልጨመሩም።

ደክሞን በድንጋዮቹ ላይ እንደተቀመጥን እኔ ወደ ሰሎሞን ቀረብኩ። ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ ምድር ድናለች?»

«ከምን?»

«ከትኩሳቷ። እየቀዘቀዘች ነው ብለው አልነበር?»

መሣቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው። ከዚያም የተቆረጠውን ዓረፍተ ነገር ቀጠለ፤ የሚናገረው ለእኔ ነበር፣ የሚሰማው ግን ሁሉም ነበር። ማግማው ከእኛ በታች በብዙ ጥልቀት አለ፤ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ሙቀቱን በዙሪያው ላለው አለት ይሰጣል። ዝናብ በተራራው ስንጥቆች ወደ ታች ይወርዳል፤ ትኩሱን አለት ሲያገኝ ይግላል፤ ሲግል ቀልሎ፣ መውጫ ስንጥቅ ፈልጎ ይመለሳል። ከማግማው የሚወጣው አየር ደግሞ ለብቻው መንገድ ይዞ ቀዝቃዛውን የሆራ ውሃ ያንተከትከዋል።

«ስለዚህ አለመቀዝቀዙ ነው የሚያስፈራው» አለ። «ሙቀቱን ይዞ ቢቀር እኛ ዘንድ ምንም አይደርስም ነበር።»

«ካውያ ነዋ!» አለች አዳዳ በድንገት። «ካውያ ለጨርቁ ሙቀቱን ሲሰጥ ነው የሚበርደው። ሳይበርድ ጨርቅ ያቃና ካውያ አላየሁም።»

«ልክ ነው እትዬ ጫልቱ። ግን ለካውያው ከሰል ይጨመርለታል፤ የዚህኛው ድርሻ በአብዛኛው አንድ ጊዜ የተሰጠው ነው። ቢሆንም ትልቅነቱ ተራራ ያህላል፤ የለበሰውም የአለት ቡልኮ ነው። እርሱ በርዶ እስኪያልቅ እኛም፣ የልጅ ልጆቻችንም፣ የእነርሱም ልጆች አልፈን፣ ገና ትኩስ ነው።»

«ይህ የገባሁበት ውሃስ?» አለች ብርቄ። «መቼ የዘነበ ነው?»

«በእርግጠኝነት አላውቅም። ምናልባት አያቶችሽ ሳይወለዱ የዘነበ ይሆናል። የትናንቱ ዝናብ ደግሞ አሁን ጉዞ ጀምሯል፤ የሚታጠቡበት ገና ያልተወለዱ ሰዎች ናቸው።»

ቀና ብዬ ዝናቡን አየሁት። ከደቂቃዎች በፊት ጠላቴ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ጠብታ ረጅም መንገድ ሊሄድ የተነሣ መንገደኛ መሰለኝ። ወደ ጨለማው ይወርዳል፤ እሳቱን ሰላም ብሎ፣ ሞቆ ይመለሳል።

ኦቦ ቱሉ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «መንግሥት ታዲያ ይህን ዐውቆ ምን ያደርግለታል? ሊታጠብ ነው?»

«እንዲህ ያለ ሙቀት በሰፊው የተጠራቀመበት መስክ ከተገኘ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ በእንፋሎቱ የኤሌክትሪክ መብራት ይወጣል።»

«ከተራራ ላብ መብራት!» አሉ ሽማግሌው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ውሃው ይስማህ።»

ሁሉም ከሄደ በኋላ ከገንዳው አጠገብ በሆዴ ተኝቼ ጆሮዬን ከመሬቱ ላይ አደረግሁ። አፈሩ ለብ ያለ ነበር። ዱብ፣ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከሩቅ፣ ከጥልቅ፣ ሳያቋርጥ። የራሴ ልብ እንደነበረ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። በዚያን ጊዜ ግን የሰማሁት የማያልቀው ነገር ሙቀቱን ሲሰጥ ነበር፤ የማያልቅ ነገርም እንዲህ ያለ ድምፅ ሊኖረው እንደሚገባ አልተጠራጠርኩም።

ጉሙ ወደ ገንዳው ተመለሰ፤ ዱላዎቹም በየተራቸው ቆሙ። ኦቦ ቱሉ ጀርባቸውን ሰጥተው መጠየቃቸውን አልተዉም፤ አሁን ግን ጥያቄያቸውን አስረዝመውታል፤ «ውሃው እንዴት ነው? እውነቱን!» ላንድሮቨሩ በበሬ ተጎትቶ ወጣ፤ ሰሎሞን ሲሄድ ሴቶቹ እልል አሉለት። አዳዳ እየገባች ወጣች። ቀንና ጣት እየቆጠርኩ ተስፋ ማድረግን ፈራሁና ሌላ ሌላውን አይ ጀመር፤ የእንፋሎቱን መነሣት፣ የቢጫውን ቅርፊት መወፈር፣ ከከብቶቹ አፍንጫ የሚወጣውን ጭስ። ከግራ እጇ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አልተቃኑም፤ ይህን መደበቅ አይገባኝም።

ነሐሴ በገባ ሰሞን፣ ዝናቡ ለአፍታ ባቆመበት ጠዋት፣ አዳዳ ከገንዳው ወጥታ ነጠላዋን ካለበስኳት በኋላ ከእግሯ ሥር ተቀምጬ ቆሎ እቆረጥም ነበር። ወሬ እያወራች ነበር፤ ስለዚያ መኪናዋን ስለሚያየው ልብስ ሰፊ። በመካከል ፀጉሬ ወደ ኋላ ተጎተተ። ዞር ልል ስል፣

«ተቀመጪ! ምን ሆነሽ ነው የበግ ለምድ መስለሽ የከረምሽው?» አለችኝ።

ፀጉሬን ከፈለችው። አንዱን ዘለላ ለሦስት ለየችው፤ ጎነጎነችው፤ ጫፉን ጠበቅ አድርጋ ሌላውን ያዘች። ቅንድቤ ወደ ላይ እስኪሳብ ድረስ አጠበቀችብኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

«አመመሽ እንዴ ብዙዬ? ላላ ላድርግልሽ?»

«ላላ አታድርጊው» አልኳት፤ «አዳዳ፣ ላላ አታድርጊው።»

ከውሃው ገና መውጣቷ ስለነበር ጣቶቿ ትኩስ ነበሩ። ስሙን ማንም በማያውቀው ዘመን ቀልጦ፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲቀዘቅዝ የኖረው ነገር፣ ለአለት የሰጠውን አለቱ ለውሃ፣ ውሃውም ለእጆቿ ሰጥቶ፣ አሁን በራስ ቅሌ ላይ መሥመር በመሥመር ይሄድ ነበር።